ስለ አውቶሞቢል አጠባበቅ ፤ ሞተር በስውር አየር ሲስብ

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ክዳን፥ ስለ ጉድጓድ ውሃና ስለ እህል ጎተራ አጠባበቅ በየጊዜው ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ ግን በብዙ ግቢ ውስጥ በፈረስና በበቅሎ ስፍራ ስለ ቆመው ስለ አውቶሞቢል አንድ ነገር ልናመለክት እንወዳለን፤ ይኸውም ሞተሩ ከታዘዘለት በር ሌላ በስውር አየር ሲስብ የሚያመጣው ጉዳት፥ የሚታወቅበት ምልክትና የሚጠገንበት ዘዴ ነው። ይህ የመካኒክ ሥራ ነው እንጂ የባለቤት አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንደዚህ አይመስለንም። ሐኪም በከተማው መኖሩ እናት የልጅዋን ትኩሳት በእጅዋ ዳስሳ እንዳታውቅ አይከለክላትም።

አስቀድሞ የነገሩን ሥር መረዳት ያሻል። ሞተር በቤንዚን ብቻ አይሠራም፤ ከቤንዚኑ ይልቅ የሚፈጀው አየሩን ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ያስፈልገዋል። ፒስቶኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ታች ሲወርድ እንደ አንጥረኛ ወናፍ አየሩን ይስባል። ይህ አየር የሚገባው በአንድ በር ብቻ ነው፤ በሩም ላይ እንደ ብር ሳንቲም ክብ የሆነ መዝጊያ አለ፤ ነጂው በእግሩ ቤንዚን ሲሰጥ መዝጊያው ይከፈታል፥ እግሩን ሲያነሣ ይከደናል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር፥ ነጂዎች ሚኒሞ በሚሉት ጊዜ፥ በሩ ተዘግቶ ጥቂት ስንጥቅ ብቻ ይቀራል። ፒስቶኖቹ ግን መሳባቸውን አይተዉም፤ ስለዚህ ከበሩ ወዲያ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው አየር ከውጭው አየር እጅግ የሳሳ ይሆናል። ቫኪዩም የሚባለው ይኸው ነው። ፍጹም ባዶ ማለት አይደለም፤ ከውጭው የሳሳ ማለት ነው እንጂ።

እንግዲህ ከበሩ ወዲያ ባለው ስፍራ አንድ የጎማ ቱቦ ቢሰነጠቅ ወይም በሁለት ብረት መካከል የተኛው ጓርኒሲዮን ቢላላ፥ የውጭው አየር በዚያ ቀዳዳ ሾልኮ ይገባል። በተሰነጠቀ መቃ ውሃ የሚጠጣ ሰው ከውሃው ይልቅ ነፋስ እንደሚውጥ፥ ሞተሩም ቤንዚን ያልተመዘነለትን አየር ይውጣል። ድብልቁ ይሳሳል፤ የሳሳ ድብልቅም እሳቱን በደኅና አይቀበልም።

ምልክቶቹ ብዙ አይደሉም፤ ልብ ብሎ ለተመለከተ ግን ግልጥ ናቸው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም ያለ ልክ ይሮጣል ወይም ከፍና ዝቅ እያለ ይዋልላል። መንገደኛ ለማሳለፍ ቆም ሲሉ ይጠፋል። ከቆመበት ሲነሣ እንደ ሰነፍ በቅሎ ያንገራግራል። ከሞተሩ ክዳን ሥር የእባብ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን ይህ ነው፤ ሞተሩ ሲፈጥን ሕመሙ ይሻለዋል። ምክንያቱም በሩ ሲከፈት ቫኪዩሙ ይቀንሳል፥ በትልቁ በር ከሚገባው ብዙ አየር አጠገብም በቀዳዳው የሚሾልከው እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል። በፍጥነት ጊዜ የሚብስ ሕመም ከሆነ ግን ወደ ቤንዚን ማጣሪያው ወይም ወደ ቤንዚን ፓምፑ መመልከት ይገባል እንጂ ቀዳዳ መፈለግ ድካም ብቻ ነው።

ይህ ትንሽ ቀዳዳ በሰው ላይ ምን ያህል ነገር ሊያመጣ እንደሚችል ለማስረዳት በምናውቀው በአንድ ቤት የሆነውን እንናገራለን። ቤቱ አሮጌ ቮልስዋገን ነበረው፤ ነጂውም በዚያ ቤት ብዙ ዘመን የኖረ ሽማግሌ ነበር። ሞተሩ በሚኒሞ እየጠፋ ስላስቸገረ ወደ አንድ ጋራዥ ተወሰደ፤ መካኒኩም አየር የሚያስገባውን ስንጥቅ ሳይፈልግ፥ በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ አስፍቶ ሰደደው። ሞተሩ ለጊዜው ተሻለው። ነገር ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የቤንዚኑ ወጪ ከሦስት እጅ አንድ እጅ ያህል ጨመረ። ባለቤቱ ነጂውን ጠርተው «ቤንዚኑ ወዴት ይሄዳል?» ብለው ጠየቁት። እርሱም «ጋሼ፥ እኔ የቀዳሁትን ሁሉ መኪናው ጠጥቶታል፤ ሌላ የማውቀው የለኝም» አለ። ይህን የመሰለ መልስ ለተጠራጠረ ሰው መልስ አይሆንም። ሽማግሌው በወሩ መጨረሻ እንዲሰናበት ተቈረጠ።

ያዳነው የእመቤቲቱ መዝገብ ነው። እሳቸው የቤቱን ወጪ በየቀኑ የሚጽፉ ሴት ነበሩና ያለፉትን ወራት ገጽ ገልጠው አስተያዩት። ወጪው መጨመር የጀመረው ጋራዥ ከገባበት ቀን በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አንድ ሊትር እንኳ ፈቀቅ አላለም ነበር። ይህን ለባለቤታቸው አሳዩአቸው። መኪናው ለሌላ መካኒክ ቢታይ፥ አየሩን ከማኒፎልዱ መካከል ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰውን ቧንቧ የሚያገናኙት የጎማ እጅጌዎች ደርቀው ተሰንጥቀው ተገኙ። እጅጌዎቹ ተለወጡ፤ የሰፋውም ቀዳዳ በልኩ ተተካ፤ ወጪው ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ነጂው ዛሬም በዚያው ቤት አለ። እኛም በሥራችን ብዙ ክስ ሲነበብ የምንሰማ ነንና፥ ማስረጃው በመኪናው ሆድ ውስጥ ተደብቆ ሳለ ስንት ሰው በዚህ ዓይነት እንጀራውን አጥቶ ይሆን እያልን እናስባለን።

አሁን ወደ አገራችን ልዩ ጉዳይ እንምጣ፤ ይህን አንባቢያን በተለይ እንዲያስተውሉት እንለምናለን። አየር ክብደት እንዳለው ያሳየው ኢጣልያዊው ኤቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1643 ዓ.ም ባዜቃ በተሞላ የመስተዋት ቱቦ ባደረገው ፈተና ነገሩን ገለጠ። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1648 ዓ.ም ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል የእኅቱን ባል ፍሎሬን ፔሪዬን ፒዊ ደ ዶም ወደሚባል ተራራ ይህንኑ ቱቦ ይዞ እንዲወጣ አደረገው፤ ባዜቃውም በተራራው ራስ ላይ በግርጌው ከነበረበት ከ8 ሳንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከፍ ባለ ስፍራ አየሩ እንደሚቀል በዚህ ታወቀ።

በባሕር ዳርቻ፥ ለምሳሌ በጅቡቲ፥ አየሩ 760 ሚሊ ሜትር ባዜቃ ያህል ይከብዳል። 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ግን ከ570 ሚሊ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ቫኪዩም መለኪያ የሚባለው ባለ መርፌ ሰዓት ከማኒፎልዱ ጋራ ሲገናኝ፥ ጤናማ የቤንዚን ሞተር በባሕር ዳርቻ በሚኒሞ ከ430 እስከ 560 ሚሊ ሜትር ያሳያል፤ መጽሐፎቹ የሚጽፉትም ይህንኑ ነው። ነገር ግን በየ300 ሜትሩ ከፍታ 25 ሚሊ ሜትር ያህል መቀነስ ይገባል፤ ስለዚህ በአዲስ አበባ ከ230 እስከ 360 የሚያሳይ ሞተር ጤነኛ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው መርፌው ዝቅ ማለቱን አይቶ ጤነኛውን ሞተር ያስፈታል። መርፌው ለከተማው ከሚገባው ልክ ዝቅ ብሎ ሳይነቃነቅ ቢቆም ግን በእውነት ስውር አየር ይኖራል ብሎ መጠርጠር ነው። ሆኖም መርፌው አንድ ምስክር ብቻ ነው፤ የካንዴላው እሳት ጊዜውን አሳልፎ ሲዘገይም እንዲሁ ዝቅ ይላልና፥ ሌላ ምስክር ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም።

ይህ የከፍታ ነገር ከቤንዚን ወጪ ይልቅ የሚያስፈራው በፍሬን ረገድ ነው። በአብዛኛው የዛሬ የቤንዚን መኪና ውስጥ ከፍሬኑ ፔዳል ፊት ለፊት እንደ ድስት የሰፋ ጥቁር የብረት ጣሳ አለ። በውስጡ በአንዱ ወገን ቫኪዩም፥ በሌላው ወገን የውጭ አየር ሲገባ፥ የሁለቱ ልዩነት የነጂውን እግር ያግዛል። የውጭው አየር በቀለለ መጠን ልዩነቱ ያንሳል፤ ስለዚህ በደጋ ላይ የፍሬኑ እገዛ ከባሕር ዳርቻው ሲሶ ያህል የጐደለ ነው። በዚህ ላይ ወደ ጣሳው የሚሄደው ቱቦ ቢሰነጠቅ ወይም የጣሳው ውስጥ ጎማ ቢቀደድ፥ በሜዳ አገር ሊቻል የሚችለው ጕድለት በእኛ ቁልቁለት አይቻልም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወይም ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቤተ ሰቡን አሳፍሮ የሚወርድ ሰው ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ሲጠነክርበት ምን እንደሚሰማው መናገር አያሻም። ፍሬኑ ፈጽሞ አይጠፋም፤ ነገር ግን ሙሉ ጕልበት ይፈልጋል፤ ይህንንም አስቀድሞ ያላወቀ ነጂ በድንጋጤ እግሩን ያነሣል።

ከዚህ ጋራ አንድ ክፉ ልማድ እንነቅፋለን። ቤንዚን ለመቈጠብ ብለው ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍተው የሚንሸራተቱ ነጂዎች አሉ። ሞተሩ ሲጠፋ ቫኪዩም የሚሠራ የለም፤ በጣሳው ውስጥ የቀረው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ፍሬን ለመያዝ ቢበቃ ነው። ሞተሩ ሳይጠፋ፥ ማርሹ ዝቅ ተደርጎ፥ እግር ከቤንዚን ላይ ተነሥቶ ሲወረድ ግን ቫኪዩሙ ከሚኒሞው እንኳ ይበልጣል፤ ሞተሩም ራሱ መኪናውን ይይዛል። እንዲህ ያለ ነጂ ያለው ቤት ዛሬውኑ ይከልክለው።

የፍሬኑን ጣሳ ለመፈተን መሣሪያ አያስፈልግም፤ እመቤትም ብትሆን በግቢዋ ልትሠራው ትችላለች። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ አራት አምስት ጊዜ ይረገጣል። ከዚያ እግሩ ፔዳሉን እንደ ተጫነ ሞተሩ ይነሣል። በዚያ ጊዜ ፔዳሉ ከእግር በታች ጥቂት ዝቅ ካለ ጣሳው ይሠራል፤ ካልተነቃነቀ ግን ወይ ቱቦው ወይ በቱቦው ላይ ያለው አየር በአንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ ወይም ጣሳው ራሱ ታሟል። ፔዳሉ ሲረገጥ ፉጨት ቢሰማና ሞተሩ ቢንቀጠቀጥ ጥፋቱ በጣሳው ውስጥ ያለው ጎማ ለመሆኑ ከፍ ያለ ጥርጣሬ ነው። ይህ ታውቆ ሳለ መኪናውን ለመንገድ ማውጣት በሰው ነፍስ መጫወት ነው።

ሌሎቹን ቀዳዳዎች ስለ መፈለግ፤ አስቀድሞ መኪናው በሜዳ ይቁም፤ በተዘጋ ቤት ሞተር አስነሥቶ መመርመር በጢሱ ይገድላል። ነጠላ፥ ክራቫትና የተንዘረፈፈ እጅጌም ከማራገቢያው ይራቁ። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በዓይን ማየት ነው፤ የጎማ ቱቦ ሁሉ ጫፉ ታጠፍ ተደርጎ ይታይ፤ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከብረት ጋራ በሚገናኝበት በጫፉና ከታች በማይታየው ወገን ነው። ሙቀት ጎማን ያደርቃል፤ ዘይት ደግሞ ያላሽቀዋል። ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን ጢስ መልሶ ወደ ማኒፎልድ የሚያስገባው ቱቦ በዘይት ስለሚርስ ከሌሎቹ አስቀድሞ ይበላሻል፤ እኛ ብንጠየቅ ከእርሱ ጀምሩ እንላለን።

ዓይን ካልበቃ ጆሮ ይቀጥላል። አንድ ክንድ የሚያህል ጎማ ቱቦ ተወስዶ አንዱ ጫፍ በጆሮ፥ ሁለተኛው ጫፍ በሞተሩ ዙሪያ ይዘዋወር፤ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ ማለት ነው። ፉጨቱ በአንድ ስፍራ ጎልቶ ይሰማል። እንዲሁም ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች አንድ በአንድ በፒንሳ ቀስ ብሎ ቆንጥጦ መያዝ ይቻላል፤ አንዱ ሲቆነጠጥ ሞተሩ ተረጋግቶ ቢዞር ሌባው በዚያ ቱቦ መንገድ ነው። ከዚህም ሌላ ንጹሕ ውሃ በመርጫ ዕቃ እንደ ጤዛ አድርጎ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ መርጨት አለ፤ ውሃው ስንጥቁን ለቅጽበት ሲደፍነው የሞተሩ አዟዟር ይለወጣል። በኤሌክትሪክ ሽቦዎች ላይ ግን አይረጭ። ብዙ መካኒኮች በውሃው ፈንታ የካርቡራቶር ማጠቢያ ወይም ሌላ የሚቀጣጠል ነገር ይረጫሉ፤ ምልክቱ ፈጣን ነው፥ እውነት ነው፤ ነገር ግን በጋለ ብረትና በእሳት ብልጭታ አጠገብ ስለሆነ መኪናውን ከነክዳኑ ያቃጥላል። የእሳት ማጥፊያ በእጁ ላልያዘ ሰው ይህን አንመክርም። ደኅና ጋራዥ ያለው ሰው ጢስ የሚነፋ መሣሪያ ያገኛል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ጢሱ በማኒፎልዱ ውስጥ ይነፋና በስንጥቁ በኩል እንደ ዕጣን ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

በኮምፒዩተር የሚታዘዙ የዛሬ መኪናዎች ደግሞ ራሳቸው ይናዘዛሉ። በነጂው ፊት የሞተሩ መብራት ቢበራና መመርመሪያው ፒ 0171 የሚል ቍጥር ቢያወጣ፥ ድብልቁ ሳስቷል ማለት ነው። ይህ ግን ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም፤ ቍጥሩን አይቶ ወዲያው ውድ ዕቃ ለውጡ የሚል መካኒክ አይታመን። የሚገባውን አየር በሚመዝን መኪና ኮምፒዩተሩ የሚጨምረውን ቤንዚን መጠየቅ ይሻላል፤ በሚኒሞ 20 ከመቶ ያህል እየጨመረ፥ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲደርስ ጭማሪው ወደ 5 ከመቶ ወይም ከዚያ በታች ቢወርድ፥ ነገሩ ስውር አየር ነው።

ጥገናው ከፍለጋው ይልቅ ቀላል ነው። የተሰነጠቀ ቱቦ በፕላስተር አይጠቀለልም፤ ይለወጣል። የሚተካውም የውስጡ ስፋት ከቀድሞው ጋራ አንድ የሆነ፥ በውስጡ ክር ያለው ጠንካራ ቱቦ ይሁን፤ ለስላሳ የውሃ ጎማ ቢደረግ በቫኪዩሙ ተስቦ ይጣበቃል። ቱቦው ረዘም ያለና ጫፉ ብቻ የተበላሸ ከሆነ ጫፉን ቈርጦ መልሶ ማግባት ይበቃል። የፍሬኑ ቱቦ ሲለወጥ ቫልቩ በግልባጭ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ በግልባጭ ከገባ ጣሳው ጨርሶ አይሠራም። ጓርኒሲዮን ሲለወጥ አሮጌው ብረቱን ሳይፍቁ በጥንቃቄ ይነሣል፤ የብረቱም ፊት ቀጥ ባለ መለኪያ ይታያል፤ የተጣመመ ከሆነ አዲሱም ጓርኒሲዮን አይበረክትም። ቡሎኖቹ ከመካከል ወደ ዳር፥ ጥቂት ጥቂት እያሉ በየተራ ይጠብቃሉ። ማኒፎልዱ ብዙ ጊዜ አሉሚንዮም ነውና ጕልበተኛ ልጅ አይታዘዝበት። ከሁሉም በኋላ ሚኒሞው እንደ ገና ይለካ፤ ቀድሞ ስውሩን አየር ለመሸፈን ተብሎ የተነካካ ቪቴ ሁሉ ወደ ልኩ መመለስ አለበት።

አንዳንድ አንባቢያን የናፍጣ መኪና ስላላቸው ይህ ሁሉ ይመለከተን እንደ ሆነ ይጠይቁ ይሆናል። በናፍጣ ሞተር ላይ አየሩን የሚዘጋ በር እንደ ቤንዚኑ ሥራ የለውምና ቫኪዩሙን የሚሠራው ለብቻው የተተከለ ፓምፕ ነው፤ የፍሬኑ ጣሳና ቱቦ ፈተና ግን እንዳለ ለእነርሱም ያገለግላል። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄዱት ደግሞ ማኒፎልድ የላቸውም፤ ፍሬናቸውን የሚያግዘው በኤሌክትሪክ የሚዞር ፓምፕ ወይም ሞተር ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ስላስታወቀ፥ በግቢያችን ያለውን የቤንዚን መኪና ጠብቆ ማቈየት ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል። ለዚሁም ነጂው በየስድስት ወሩ የጎማ ቱቦዎቹን ዳስሶ ያየበትን ቀን፥ የተቀዳውም ቤንዚን ከተሄደው ኪሎ ሜትር ጋራ በአንድ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ደብተሩም በመኪናው ውስጥ ሳይሆን በእመቤቲቱ ዘንድ ይቀመጥ።